የብሩሴሎሲስ ክትባት፦ ከጥጃዋ እስከ ካዛንቺስ ገበታ

ብሩሴሎሲስ ላም እንድትጨነግፍና ኮርማ እንዲመክን የሚያደርግ፣ በወተትና በንክኪ ወደ ሰውም የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ከብትን በዋናነት የሚያጠቃው ብሩሴላ አቦርተስ የተባለው ዝርያ ነው። ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ ፍየልንና በግን፣ ብሩሴላ ሱዊስ ደግሞ አሳማን ይይዛል። ሦስቱም ሰውን ያሳምማሉ፤ በሰው ላይ ይበልጥ የሚበረታው ግን ከፍየልና ከበግ የሚመጣው ነው። ለሰው በሰፊው የሚሰጥ የብሩሴሎሲስ ክትባት እስካሁን የለም። ስለዚህ ሰውን ከዚህ በሽታ የመጠበቁ ሥራ የሚጀምረው ከበረት ነው።

ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ አይደለም፤ የከተማውንም ሰው በቅርብ ይነካል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ በቢሮ፣ በሆቴል፣ በካፌና በሥጋ ቤት ሲታወቅ የኖረ ሰፈር ነው። ለማኪያቶ የሚሆነው ወተት፣ ከክትፎ ጋር የሚቀርበው አይብ፣ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ደጃፍ የሚደርሰው ጥሬ ወተት ሁሉ የሚመጣው ከሱሉልታና ከሰላሌ፣ ከሰበታና ከሆለታ፣ ከቢሾፍቱና ከከተማዋ ዳር ካሉ በረቶች ነው። ከየአቅጣጫው የሚነዳውና የሚጫነው የእርድ ከብትም ለረጅም ዘመን ወደ ከተማዋ ቄራ ሲገባ ኖሯል። እንግዲህ አንዲት የጥቂት ወራት ጥጃ በበረቷ ተከተበች ወይስ ሳትከተብ ቀረች የሚለው ጥያቄ በካዛንቺስ የሚበላውንና የሚጠጣውን ሰው ጤና ይመለከታል።

የበሽታው ምንጭ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የብሪታንያ ጦር ሐኪም ዴቪድ ብሩስ በማልታ ደሴት በማያባራ ትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። በ1897 ዴንማርካዊው በርንሃርድ ባንግ የላሞችን ተላላፊ ጭንገፋ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ደህና የሚመስሉ ፍየሎች በወተታቸው በሽታውን እንደሚያስተላልፉ አረጋገጠ። የማልታው ትኩሳትና የላሞቹ ጭንገፋ ግን ለዓመታት እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሲታዩ ቆዩ። የሁለቱን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳየችው አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሊስ ኢቫንስ ናት። ወተት ሳይሞቅ እንዳይጠጣ ስታሳስብ ብዙዎች አልተቀበሏትም ነበር፤ የኋላ ኋላ ግን ማስረጃው በየአገሩ ተደጋግሞ ትክክለኛነቷ ታወቀ።

ባክቴሪያው ወደ ላሟ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በአፏ ነው። ጤነኛ ላም የተበከለ ሣር ስትግጥ፣ ወይም ሌላ ላም የጣለችውን ፅንስና የእንግዴ ልጅ ስታሸትና ስትልስ ትያዛለች። ባክቴሪያው በሽታን ሊከላከሉ በተፈጠሩት የሰውነት ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ሰውነት በቀላሉ አያስወግደውም። ወደ ንፍፊት፣ ወደ ግትና ወደ ማሕፀን ይሰራጫል። የላም የእንግዴ ልጅ ኤሪትሪቶል የተባለ ለባክቴሪያው የሚስማማ ንጥረ ነገር አለው፤ በዚህም ምክንያት እርጉዝ ላም ውስጥ ባክቴሪያው እጅግ ይበዛል። ጭንገፋው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከ5ኛው ወር በኋላ፣ እርግዝናው ሲገፋ ነው። የእንግዴ ልጅ ሳይወጣ መቅረት፣ ደካማ ጥጃ መወለድ፣ የወተት መቀነስና ላሟ ቶሎ መልሳ አለማርገዝ ይከተላሉ። በኮርማ ላይ የቆለጥ እብጠት፣ ሥር በሰደደ ሕመም ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ እብጠት ይታያል።

ይህ በሽታ አደናጋሪ የሚያደርገው አንድ ጠባይ አለው። አብዛኞቹ ላሞች የሚጨነግፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እርግዝና ጥጃ ስትወልድ ባለቤቷ ዳነች ይላል። ላሟ ግን አልዳነችም፤ በየወሊዱ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር፣ በመሐልም በወተቷ ባክቴሪያውን መልቀቋን ትቀጥላለች። ከተያዘች ላም የሚወጣ አንድ ግራም የእንግዴ ልጅ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በጥላ፣ በእርጥበትና በቅዝቃዜ ግን ለወራት ይቆያል። ክረምት ላይ በጭቃማ በረት የወደቀ ፅንስ ለመላው መንጋ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባዶ እጅን አስገብቶ የቀረ የእንግዴ ልጅ መጎተት፣ የወጣውንም ለውሻ መጣል በየበረቱ የሚታይ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ሰውየውን፣ ሁለተኛው ጎረቤቱን ያስይዛል። ትክክለኛው መንገድ ጓንት ማድረግ፣ ፅንሱንና የእንግዴ ልጁን ኖራ ነስንሶ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ስፍራውን በፀረ ተህዋሲያን ማጽዳት፣ ላሟንም ለይቶ ማቆየት ነው።

በሰው ላይ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከተያዙ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ወራት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ከፍ ዝቅ የሚል ትኩሳት፣ ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህን ምልክቶች ታይፎይድና ወባም ስለሚጋሯቸው፣ በተለይ ታይፎይድ በየክሊኒኩ ቶሎ በሚጠረጠርበት አገር ብሩሴሎሲስ ሳይታወቅ የሚታለፍበት ዕድል ሰፊ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ለቆየበት ሰው ጥሬ ወተት መጠጣቱን፣ ላም ማዋለዱን ወይም በእርድ ሥራ ላይ መሰማራቱን መጠየቅ ወደ ትክክለኛው ምርመራ ያደርሳል። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ዶክሲሳይክሊን ለ6 ሳምንት፣ ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከሪፋምፒሲን ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። መድኃኒቱን በመሐል ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። ሳይታከም የቆየ ሕመም አከርካሪን፣ የወንድ ቆለጥን፣ አልፎ አልፎም የልብን ውስጠኛ ሽፋንና አንጎልን ይጎዳል።

በገበታ ላይ ዋናው በር ጥሬ ወተት ነው። ወተትን በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የፋብሪካ ወተት የሚያልፈው በዚህ ዓይነት ሙቀት ነው። በቤት ውስጥ እስኪገነፍል ማፍላት ይበቃል። ጥሬ ወተትን በቡና ማሽን እንፋሎት ለአፍታ ማሞቅ ግን ማፍላትን አይተካም። ካልተፈላ ወተት የረጋ እርጎም አስተማማኝ አይደለም፤ መኮምጠጡ ባክቴሪያውን ቢያዳክመውም ወዲያው አይገድለውም። ከዚያው ወተት የሚናጥ ቅቤና በቂ ሙቀት ያላገኘ አይብም በዚሁ ይታያሉ። በቀይ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ጥቂት ነው፤ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በግትና በንፍፊት ግን ይበዛል። ስለዚህ ጥሬ ጉበትና ያልበሰለ ዱለት ከቀይ ሥጋ ይልቅ ያሰጋሉ። በእርድ ቤት ማሕፀንና ግት የሚያወጣ ሠራተኛ ደግሞ ምንም ባይበላ እንኳ በእጁ ጭረትና በዓይኑ ሊያዝ ስለሚችል ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የዓይን መከለያ ያስፈልጉታል።

ማፍላት ጠጪውን ያድናል፤ ላሟን፣ ጥጃዋንና አላቢውን ግን አያድንም። የበሽታውን ምንጭ ለማድረቅ መንጋው ራሱ መጠበቅ አለበት። ለዚህም የታወቁት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከብቶችን መርምሮ የተያዙትን ማስወገድ፣ ሌላው መከተብ ነው።

መርምሮ ማስወገድ በሽታው በጣም ዝቅተኛ በሆነበትና መንግሥት ለከብቱ ባለቤት ካሳ በሚከፍልበት አገር ውጤታማ ነው። ካሳ በሌለበት ግን ምርመራው ራሱ በሽታውን ሊያሰራጭ ይችላል። አንዲት ዲቃላ የወተት ላም የአንድ ቤተሰብ ዋና መተዳደሪያ በሆነችበት ቦታ፣ ተይዛለች የተባለች ላም ወደ እርድ ሳይሆን ወደ ገበያ ትሄዳለች። የገዛት ሰው በሽታውን ወደ ንጹሕ በረት ይዞ ይገባል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከም ዘንድ የተተወው እሱ ነውና። በመሆኑም የካሳ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ የሚያዋጣው፣ በሽታው ባለባቸው መንጋዎችና አካባቢዎች ሴት ጥጆችን በየዓመቱ እየከተቡ፣ የሚቋቋም መንጋ ቀስ በቀስ መተካት ነው።

በዓለም ላይ ከሁሉም ረጅም አገልግሎት ያለው የከብት ብሩሴሎሲስ ክትባት ኤስ 19 ይባላል። ባክቴሪያው እ.ኤ.አ. በ1923 ጆን ባክ በተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከአንዲት የጀርሲ ላም ወተት የተገኘ ነው። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲመረመር የማሳመም ኃይሉ ተዳክሞ፣ የመከላከል አቅም የማስገንባት ችሎታው ግን እንዳለ ተገኘ። ክትባቱ ሕያው ነው፤ የተዳከመ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይኖርና ሰውነትን ያሠለጥናል። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 6 ወር ለሆኑ ሴት ጥጆች ከ50 እስከ 80 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ የያዘ አንድ መጠን ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ለአዋቂ ላሞች እጅግ የተቀነሰ መጠን፣ ወይም በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነት አለ።

የዕድሜው ገደብ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ኤስ 19 ለእርጉዝ ላም ሲሰጥ ሊያስጨነግፍ፣ ለኮርማ ሲሰጥም ቆለጡን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ወንዶች አይከተቡም። ሁለተኛ፣ ክትባቱ በደም ውስጥ የሚፈጥረው ፀረ እንግዳ አካል በሽታው ከሚፈጥረው ስለማይለይ፣ አድጋ የተከተበች ጊደር በምርመራ ላይ በሽተኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። በጥጃነቷ የተከተበች ግን ለርቢ ስትደርስ ያ ምልክት በአብዛኛው ጠፍቶ ይገኛል።

ይህን ችግር ለማቃለል አርቢ 51 የተባለ ሌላ ክትባት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። አርቢ 51 በተለመደው የደም ምርመራ የሚታየውን ፀረ እንግዳ አካል የሚቀሰቅሰው የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ክፍል የለውም፤ በዚህም የተከተበችዋና የተያዘችዋ ላም በምርመራ ይለያሉ። ጉድለቱ ደግሞ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም መሆኑ ነው፤ በስህተት ራሱን የወጋ ከታቢ በዚያ መድኃኒት አይታከምም። ሬቭ 1 የሚባለው ክትባት ለበግና ለፍየል ነው። በግና ፍየል ከላም ጋር በአንድ በረት በሚያድሩበት ቤት ላሞቹን ብቻ መከተብ ሥራውን ግማሽ ላይ ያስቀረዋል፤ ሜሊቴንሲስ ከፍየሏ ወደ ላሟም ሊሻገር ይችላልና።

የክትባቱ ቀን ሥራ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደረቅ ዱቄት የያዘው ብልቃጥ ከፋብሪካ እስከ በረት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በረዶ የተሞላው ሳጥን ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ብልቃጡ የሚከፈተው ጥጆቹ ተሰልፈው ከተያዙ በኋላ ነው። ዱቄቱ በራሱ ማሟሟያ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። ጥጃዋ አንገቷና ጆሮዋ ተይዞ ትቆማለች፤ ከአንገቷ ወይም ከትከሻዋ በስተኋላ ቆዳዋ በጣት ተነሥቶ 2 ሚሊ ሊትር ይወጋል። ከታቢው ጓንትና የዓይን መከለያ ያደርጋል፤ የሚወጋው ሕያው ባክቴሪያ ሰውን ስለሚያሳምም መርፌ ያገኘው ወይም ዓይኑ ውስጥ የተረጨበት ሰው ወዲያው ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ፣ የክትባቱንም ዓይነት መናገር አለበት። በመጨረሻ ጥጃዋ በጆሮዋ ንቅሳት ወይም መለያ ቁጥር ታገኛለች፤ ቁጥሯ፣ ዕድሜዋ፣ የክትባቱ ስምና የተመረተበት መለያ በመዝገብ ይሰፍራል። ይህ መዝገብ ከሌለ ከዓመታት በኋላ ላሟ ስትመረመር ውጤቱን በትክክል መተርጎም ያስቸግራል።

ክትባቱ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤስ 19 ከተከተቡት ከ100 ጥጆች ከ65 እስከ 75 ያህሉን ከአብዛኛው መጋለጥ እንደሚጠብቅ ይነገራል። ጭንገፋን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጭንገፋ ሲቀንስም ሜዳና በረት ላይ የሚፈሰው ባክቴሪያ ይቀንሳል። ቀድሞ የተያዘችን ላም ግን አይፈውስም። ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ላም በየጊዜው ወደ መንጋው የምትቀላቀል ከሆነም ክትባት ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ማጥፋት የጀመረችውን በሽታ ከቤት ከብቶቿ ለማጽዳት ክትባትን፣ ምርመራን፣ የከብት እንቅስቃሴ ቁጥጥርንና ካሳን አጣምራ አሥርተ ዓመታት ፈጅታለች። ክትባት በመጀመሪያ በሽታውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ካለ በኋላ መርምሮ ማስወገድ በአቅም የሚቻል ይሆናል።

በሽታው በየትኛው በረት እንዳለ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሮዝ ቤንጋል ምርመራ በነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ የደም ውሃ ከአንድ ጠብታ ሮዝ ቀለም ካለው ፈሳሽ ጋር በማዋሃድ ይሠራል፤ ሰሌዳው ለ4 ደቂቃ ሲወዛወዝ ጠብታው ቅንጣት ቅንጣት ከሆነ ጥርጣሬ አለ፤ ውጤቱም በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። ለወተት ማኅበራት የሚመቸው ደግሞ የወተት ቀለበት ምርመራ ነው። ቀለም የገባበት የሞተ ባክቴሪያ በወተት ናሙና ውስጥ ይጨመራል፤ ወተቱ ፀረ እንግዳ አካል ካለው ከላይ በሚንሳፈፈው ክሬም ላይ ሰማያዊ ቀለበት ይወጣል። ከመሰብሰቢያ ማዕከል በየጊዜው ናሙና በመውሰድ የብዙ አባላትን በረት በአንድ ላይ መከታተልና ወደ ተጠረጠረው በረት ብቻ መሄድ ይቻላል።

በኢትዮጵያ የብሩሴሎሲስ ስጋት ከወተት ልማቱ ጋር አብሮ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ በሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የፈረንጅ ላም የሚላቸው ዲቃላዎች በአዲስ አበባ ዙሪያ በዝተዋል። በሰፊ ሜዳ የሚግጡ የሀበሻ ከብቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው ከ5 በመቶ በታች የሆነ የበሽታ መጠን አሳይተዋል፤ ቀደም ባሉ ዓመታት በአንዳንድ የመንግሥት እርሻዎችና ራንቾች ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ተገኝቷል። ብዙ ላሞች በጠባብ በረት ሲታጎሩ፣ ጊደር በየገበያው ሲገዛና ኮርማ በጋራ ሲያገለግል አንድ ጭንገፋ ብዙ ላሞችን የማዳረስ ዕድሉ ይሰፋል። ወደ 70 ሚሊዮን ከብት ባላት አገር ዝቅተኛ የሚመስል መቶኛ እንኳ ብዙ ላሞችን ያመለክታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ስትመርጥ ብሩሴሎሲስ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋ፣ ከሌፕቶስፓይሮሲስና ከኤኪኖኮኮሲስ ጋር ከአምስቱ አንዱ ሆኗል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚካሄድ መደበኛ የብሩሴሎሲስ ክትባት ግን አልተለመደም። ክፍተቱ የተፈጠረው ተቋም ጠፍቶ አይደለም። ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቢሾፍቱ የተለያዩ የእንስሳት ክትባቶችን ሲያመርት ቆይቷል። በዚያው ከተማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። በሰበታ አገር አቀፍ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም፣ ማለትም ለአህጉሪቱ የሚመረተውን ክትባት ጥራት የሚመረምረው ተቋም፣ መቀመጫው ቢሾፍቱ ነው።

ይህ ማዕከል ከካዛንቺስ ጋር የታሪክ ዝምድና አለው። የኅብረቱ ቀዳሚ የሆነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 የተመሠረተው በካዛንቺስ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ለማጥፋት ያደረጉት የጋራ የክትባት ዘመቻም በዚያው ዘመን የተጀመረ ነው። ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በኢትዮጵያ ለደረሰው ክፉ ቀን ዋና ምክንያት ነበር፤ በሬ አልቆ ማረሻ ሥራ ፈታ፣ ረሃብም ሕዝቡን ፈጀ። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በአፋር ከአርብቶ አደሩ በተመረጡ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች እጅ ማቀዝቀዣ ወደማይደርስበት ሜዳ ሁሉ ደረሰ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የሁለቱ በሽታዎች ጠባይ አንድ አይደለም። የደስታ ክትባት አንዴ የተሰጠው ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቅ ነበር፤ የብሩሴሎሲስ ክትባት ይህን ያህል ፍጹም አይደለም፣ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። ሆኖም በደስታ ዘመቻ የተገኘው ልምድ፣ ማለትም በአካባቢው የታመኑ ከታቢዎችን ማሠልጠን፣ ጥራቱ የተረጋገጠ ክትባት ማቅረብ፣ የከብቱን እንቅስቃሴ መከታተልና ድንበር ተሻግሮ መተባበር፣ ለብሩሴሎሲስም ይሠራል።

በአዲስ አበባ የወተት ምንጭ አካባቢዎች ሥራው በቅደም ተከተል ሊካሄድ ይገባል። መጀመሪያ በየወተት ማኅበሩ የቀለበት ምርመራ ማድረግና በሽታው ያለባቸውን በረቶች በሮዝ ቤንጋልና በማረጋገጫ ምርመራ መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ በሽታው በተገኘባቸው አካባቢዎች ዕድሜያቸው የደረሰ ሴት ጥጆችን ሁሉ በየዓመቱ ሳያቋርጡ መከተብ፣ እያንዳንዷንም በመለያ ቁጥር መመዝገብ ይገባል። ከክትባቱ ጎን ለጎን፣ የሚገዛ ጊደር ወደ መንጋ ከመቀላቀሉ በፊት እንዲመረመርና ተለይቶ እንዲቆይ፣ ለማዳቀል ከጋራ ኮርማ ይልቅ ከተመረመረ ኮርማ የተወሰደ ዘር እንዲቀርብ፣ ጭንገፋ ሲደርስም በአፋጣኝ እንዲነገር ማድረግ ያስፈልጋል። የሰው ጤና ጣቢያና የእንስሳት ክሊኒክ መረጃ መለዋወጥ አለባቸው፤ በካዛንቺስ በብሩሴሎሲስ የታመመ ሰው የጠጣው ወተት የመጣበት በረት ከተገኘ ሌሎች ብዙዎች ይድናሉ። በሽታው ሲቀንስ ደግሞ ካሳ የሚከፍል በጀት ተይዞ፣ የተያዙትን ጥቂት ላሞች ማስወገድ ይቻላል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያው በየቤቱና በየካፌው ወተትን አፍልቶ መጠቀም ግዴታ ሆኖ ይቆያል።